ስለ እስክንድር ልጅነት በደሴ የተሰጠ የክረምት ትምህርት፤ ያየሁትና የታዘብኩት

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ ይዤ ስድስት ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተመላልሻለሁ። ልጁ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የወሰድኩትም ከፒያሳ ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የመጽሐፍ ኪራይ ቤት ውስጥ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ወደሚሰጥ የታሪክ ትምህርት ነበር። ትምህርቱ ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለ ታላቁ እስክንድር። ስለ እርሱም ቢሆን ብዙ ሰው የሚያውቀውን የድል ታሪኩን ሳይሆን፣ የት እንደተወለደ፣ ማን እንዳሳደገው፣ ማን ምን እንዳስተማረው፣ በ20 ዓመቱ ዙፋን ላይ እስከ ወጣበት ቀን ድረስ ያለውን ብቻ ይከታተላል። በሰፈራችን ያሉ ወላጆች “ገንዘቡ ይገባዋል ወይ?” እያሉ ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ በየመንገዱ ቆሜ ከምመልስ ያየሁትን ሁሉ አንድ ጊዜ ጽፌ ላስቀምጠው ብያለሁ።

ቤቱ ትንሽ ነው። የፊተኛው ክፍል መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ድረስ በአሮጌ መጻሕፍት የተሞላ ሲሆን፣ የኋለኛው ክፍል አሥራ ስምንት ልጆች ተጠጋግተው የሚቀመጡበት፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ፣ መስኮቱ ወደ ጦሳ ተራራ የሚያይ ክፍል ነው። በሐምሌ ጠዋት ጦሳ በጉም ስለሚሸፈን በመስኮቱ የሚታየው ነጭ ነገር ብቻ ነው፤ ብርዱም ለኮምቦልቻ ሰው ቀላል አይደለምና ልጅ የሚልክ ወላጅ ወፍራም ሹራብ ማልበስ አለበት። ትምህርቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ይሰጣል። ክፍያው ለስድስቱም ቀን 600 ብር፣ ለሚታደለው የተባዛ ጽሑፍ ደግሞ 50 ብር ነው። ወላጅ ከኋላ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መከታተል ይፈቀድለታል። እኔም በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ከመውረድና ከመውጣት ብዬ ስድስቱንም ቀን ከኋላ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ልጁ ቤት መጥቶ የነገረኝን ሳይሆን በጆሮዬ የሰማሁትን ነው።

የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ሰላምታ ሰጥተው እንደጨረሱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ 356 እና 323። ሁለቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ዓመታት መሆናቸውን ተናገሩና፣ የፊተኛው እስክንድር የተወለደበት፣ የኋለኛው የሞተበት እንደሆነ ነግረው፣ “ስንት ዓመት ኖረ?” ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ግማሾቹ ቁጥሩ ለምን እያነሰ እንደሚሄድ ግራ ገባቸው። አንዲት ልጅ ቀንሳ “33” አለች። መምህሩም “ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ግን የተወለደው በፈረንጆቹ ሐምሌ ነው፤ የሞተው ደግሞ በሰኔ ነው” ሲሉ ልጅቷ ትንሽ አሰብ አድርጋ “እንግዲያው 33 ሊሞላው አንድ ወር ያህል ሲቀረው ነው የሞተው፤ 32 ነበር” ብላ መለሰች። አምስት ደቂቃ ያልፈጀች ነገር ናት፤ ሆኖም ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለ ዘመን እንዴት እንደሚቆጠር የእህቴ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ተሳስቶ አያውቅም። እኔ በልጅነቴ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ስለዚህ ሰው የተነገረን የሦስት የጦር ሜዳ ስም ነበር። ስሙን ሸምድደን ለፈተና ጻፍነው፤ በሳምንቱም ረሳነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የማረከው የጠመኔው ቀለም ነው። መምህሩ ሦስት ዓይነት ጠመኔ ይይዛሉ። የታሪክ ሰዎች በአብዛኛው የሚስማሙበትን ነገር በነጭ ይጽፋሉ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የነበሩ ጸሐፊዎች ብቻ የሚነግሩንን በቢጫ፤ ተረት መሆኑ የታወቀውን በቀይ። እስክንድር በመቄዶንያ ዋና ከተማ በፔላ መወለዱ፣ አባቱ በ359 ሥልጣን የያዘው ዳግማዊ ፊሊጶስ፣ እናቱም ከኤጲሮስ ነገሥታት ዘር የሆነችው ኦሎምፒያስ መሆኗ በነጭ ተጻፈ። እርሱ በተወለደ ጊዜ ፊሊጶስ ሦስት የምሥራች በአንድ ላይ ደረሰው የሚለው፣ ማለትም የጦር አዛዡ ፓርሜንዮን ኢሊርያውያንን ማሸነፉ፣ ፈረሱ በኦሎምፒያ ውድድር ማሸነፉና ልጅ መውለዱ፣ በቢጫ ተጻፈ። በዚያው ቀን በኤፌሶን የነበረው የአርጤምስ ቤተ መቅደስ ተቃጠለ የሚለውም እንደዚሁ ቢጫ ነበር። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ ይህን ከሚነግሩን ዋነኛው ፕሉታርክ እስክንድር ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈ ሰው መሆኑን፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት የዓይን ምስክሮች ጽሑፎች ግን ጠፍተው በሌሎች መጻሕፍት ውስጥ ቁርጥራጫቸው ብቻ እንደቀረ ተናገሩ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ “ይህን ማን ነገረን? መቼስ ጻፈው?” ብሎ መጠየቅ ከለመደ ከታሪክ ትምህርት የምፈልገውን አግኝቷል እላለሁ።

ቀዩ ጠመኔ ግን ለአገራችን ልጆች ጥንቃቄ የሚሻ ነበር። እስክንድር ለእኛ ባዕድ ሰው አይደለም። ታሪኩ ከጥንት ጀምሮ በግእዝ ተተርጉሞ በገዳማት ሲነበብ ኖሯል፤ በዚያ ትረካ ውስጥ ትክክለኛ አባቱ የግብጹ ንጉሥ ኔክታኔቦ ነው፤ እስክንድርም ራሱ እግዚአብሔርን የሚፈራ ንጉሥ ሆኖ ይታያል። በሌላ በኩል በቁርኣን በአል ካህፍ ምዕራፍ የተነገረለትን ዙልቀርነይንን፣ ባለ ሁለት ቀንዱን፣ ብዙ ተርጓሚዎች እስክንድር ነው ሲሉ ሌሎች ደግሞ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። እንደ ደሴ ባለ ከተማ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ልጅ በአንድ አግዳሚ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ ይህን በቀይ ጠመኔ አጥፍቶ ማለፍ ቅሬታ ሊያመጣ ይችል ነበር። መምህሩ የሃይማኖቱን ነገር በጠመኔ አልነኩትም። “ይህ የእምነት መጻሕፍት ጉዳይ ነው፤ ቤታችሁ ሄዳችሁ አባቶቻችሁን ጠይቁ” ካሉ በኋላ፣ እስክንድር ከሞተ በኋላ ከጦር አለቆቹ አንዱ ባሳተመው የብር ገንዘብ ላይ የእስክንድር ምስል የበግ ቀንድ ይዞ እንደሚታይ ብቻ ነገሯቸው። ከኋላ ከእኔ አጠገብ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው “አበጁ” ሲሉ ሰማሁ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ስለ መጀመሪያዎቹ አሳዳጊዎቹ ነበር፤ ከስድስቱ ቀናት እኔ አብልጬ የወደድኩትም ይህንኑ ነው። ሞግዚቱ ላኒኬ የተባለች ከመኳንንት ወገን የሆነች ሴት ነበረች። ከእርሷ ቀጥሎ የአስተዳደጉ ኃላፊ የሆነው የእናቱ ዘመድ ሊዮኒዳስ ነው። ሊዮኒዳስ ጥብቅ ሰው ነበር። የልጁን የልብስና የአልጋ ሳጥን እየከፈተ እናቱ የተደበቀ ጣፋጭ ወይም ድሎት አስቀምጣለት እንደሆነ ይፈትሽ ነበር ይባላል። ይህን ሲሰሙ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቦርሳው ጥግ ውስጥ እናቱ በስሱ የጠቀለለችለትን ነገር ያላገኘ ልጅ ማን አለ? እስክንድር ራሱ ካደገ በኋላ በትንሿ እስያ ያለችው የካርያ ንግሥት አዳ የጣፋጭ ምግብና የምግብ ሠሪ ስትልክለት፣ ሊዮኒዳስ የተሻለ ምግብ ሠሪ እንደሰጠው፣ ይኸውም ለቁርስ የሌሊት ጉዞ፣ ለእራት ደግሞ ቀለል ያለ ቁርስ መሆኑን ነግሮ መለሰላት።

ከዚያ ደግሞ የዕጣኑ ታሪክ መጣ። አራት ሰዓት ላይ የቤቱ ባለቤት ለወላጆች ቡና ያፈላሉ፤ ረከቦቱ የሚቀርበው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው በር አጠገብ ነው። መምህሩ ወሬያቸውን አቁመው ጠበቁ። እትዬ ከትንሽዬዋ ሙዳይ በሁለት ጣታቸው ቁንጥር ዕጣን አንስተው ፍሙ ላይ ጣል አደረጉ፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጣሪያው ሥር ተዘረጋ። “ስንት ፍሬ ጣሉ?” ብለው ልጆቹን ጠየቁ። ልጆቹም “ሦስት” “አራት” ተባባሉ። መምህሩ ቀጠሉ፤ እስክንድር ልጅ ሳለ ለአማልክቱ መሥዋዕት ሲያቀርብ ዕጣኑን በሁለት እጁ አፍሶ እሳቱ ላይ ደፋው። ሊዮኒዳስም ተቆጥቶ፣ ዕጣን የሚበቅልበትን አገር ስትይዝ እንደልብህ ትበትናለህ፤ እስከዚያው ግን ባለህ ቆጥበህ ተጠቀም አለው። ዓመታት አለፉ። በ332 እስክንድር የዕጣን ንግድ መተላለፊያ የነበረችውን ጋዛን ያዘ፤ ለዚያው ለአሮጌ አሳዳጊውም 500 ታለንት ዕጣንና 100 ታለንት ከርቤ ጫነለት፤ ከእንግዲህ ለአማልክቱ እንዳትሰስት የሚል ቃልም ላከበት። የግሪክ አንድ ታለንት 26 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ አበዙት፤ ዕጣኑ 130 ኩንታል፣ ከርቤው 26 ኩንታል ሆነ። አንዱ ልጅ “አንድ አይሱዙ አይበቃውም!” አለ። ዕጣን የሚበቅለው በደቡብ ዓረቢያና በእኛው በአፍሪካ ቀንድ ነው፤ ስለዚህ ይህ ታሪክ ለወሎ ልጅ በእናቱ ማጨሻ ላይ ካለው ፍሬ ይጀምራል። አንድን የሩቅ ዘመን ነገር እንዲህ ከቤት ዕቃ ጋር አያይዞ ማስተማር የሚችል ሰው ብዙ አላየሁም።

በዚያው ቀን ስለ ሊሲማኮስም ተነገረ። ይህ ሰው የአካርናንያ ተወላጅ የሆነ፣ ብዙም ያልተጣራ ጠባይ የነበረው ሌላ አሳዳጊ ነው። ነገር ግን ልጁን በጥንቱ የግሪክ ጀግና ስም “አኪለስ”፣ አባቱን በአኪለስ አባት ስም “ፔሌዎስ”፣ ራሱን ደግሞ የአኪለስ አሳዳጊ በሆነው በ“ፊንክስ” ስም ይጠራ ስለነበር በቤተ መንግሥቱ ተወደደ። ኦሎምፒያስም የዘር ሐረጓ እስከ አኪለስ ይደርሳል ተብሎ ይታመን ነበር። እኔ ለራሴ የገባኝ ሊዮኒዳስ ምግቡን ሲቀንስበት ሊሲማኮስ ሕልሙን ያበዛለት እንደነበር ነው፤ የኋለኛው በልጁ ውስጥ የተወው ነገር ከቀደመው የሚያንስ አይመስለኝም። መምህሩ ግን ሊሲማኮስን በአሥር ደቂቃ አለፉት፤ ይህ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

ሦስተኛው ቀን የፈረሱ ነበር። ፊሎኒኮስ የተባለ የተሳልያ ሰው ቡኬፋሎስ የተባለውን ፈረስ በ13 ታለንት ሊሸጥ ለፊሊጶስ አመጣው፤ ይህም ከ3 ኩንታል በላይ የሚመዝን የብር ማዕድን መሆኑ ነው። ፈረሱ ማንንም አላስቀርብ ብሎ ሲራገጥ ፊሊጶስ መልሱት አለ። ልጁ ግን ፈረሱ የሚደነግጠው ከፊቱ በሚወድቀው በራሱ ጥላ መሆኑን አስተውሎ፣ ልጓሙን ይዞ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረው፤ ቀስ ብሎ ደባበሰውና ወጣበት። አባቱም መቄዶንያ ለአንተ ትጠብባለችና የሚበቃህን መንግሥት ፈልግ አለው ይባላል። ያን ዕለት ዕድል ሆኖ ጉሙ ተገፎ ስለነበር መምህሩ ልጆቹን ወደ ግቢው አወጧቸው፤ በሦስት ሰዓት ተኩል ጥላቸው ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ሲዞሩም የት እንደሚሄድ በእግራቸው እንዲለኩ አደረጓቸው። ሐጂው በወጣትነታቸው ቦሩ ሜዳ ላይ ፈረስ ያሠለጥኑ የነበሩ ሰው ናቸው፤ “ፈረስ ሲደነግጥ አለንጋ አይነሳም፤ መጀመሪያ የሚያየውን ነው የሚታየው” ብለው ተናገሩ። መምህሩም “አባቴ፣ እርስዎ ይንገሯቸው” ብለው ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ቁጭ አሉ፤ ሐጂውም ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ፈረስ ዓይን፣ ስለ ጆሮው አቀማመጥ፣ ስለ ልጓም አያያዝ አስረዱ። እውቀት ያለውን ሰው ቦታ መልቀቅ የሚያውቅ አስተማሪ ማየት ደስ ያሰኛል። ቡኬፋሎስ ከጌታው ጋር እስከ ህንድ ዘልቆ በ326 እዚያው ሞተ፤ እስክንድርም በስሙ ከተማ ቆረቆረለት።

አራተኛውና አምስተኛው ቅዳሜ ለአርስቶትል የተሰጡ ናቸው፤ ትምህርቱም ጥልቀት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በ343፣ ልጁ 13 ዓመቱ ሲሆን፣ ፊሊጶስ አርስቶትልን ወደ መቄዶንያ ጠራው። ሰውየው ያኔ 40 ዓመት ያለፈው፣ በአቴና ከአፍላጦን ዘንድ 20 ዓመት የተማረ ነበር፤ ለፔላም እንግዳ አልነበረም፤ አባቱ ኒቆማኮስ የፊሊጶስ አባት የአሚንታስ ሐኪም ነበርና። የክፍያው ነገር ልጆቹን አስገረማቸው። የአርስቶትል የትውልድ ከተማ ስታጊራ በፊሊጶስ ጦር ፈርሳ ነበር፤ ለማስተማሩ ዋጋ ፊሊጶስ ከተማዋን መልሶ ሠራለት፤ በስደትና በባርነት የነበሩ ነዋሪዎቿንም መለሰለት። የአስተማሪ ደመወዝ አንድ ከተማ ሆኖ ሲከፈል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። መምህሩ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ አለ፤ ሠላሳ ዓመት በጠመኔ አቧራ ውስጥ ለቆየ ሰው ነገሩ የሚነካው እንደሆነ ተሰማኝ።

ትምህርቱ የተሰጠው በቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ከፔላ ራቅ ብላ በምትገኝ ሚዬዛ በተባለች ጸጥ ያለች ቦታ ነበር። እስክንድር በዚያ ከመኳንንት ልጆች ጋር ሦስት ዓመት ያህል ተማረ። ከብዙ ዘመን በኋላም እንኳ የድንጋይ መቀመጫዎቹና ጥላ ያለባቸው መንገዶች ለጎብኚ ይታዩ ነበር። መምህሩ ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄዱም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለውን ሐይቅ እስጢፋኖስን አነሱ፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚያ በውኃ በተከበበ ቦታ ተቀምጠው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙ ደቀ መዛሙርት ማስተማራቸውን፣ ተማሪ ከገበያና ከቤተ መንግሥት ጫጫታ መራቁ በእኛም ዘንድ የቆየ ልማድ መሆኑን አስረዱ። እኔ ደግሞ በልቤ የግሸንን አምባ አሰብኩ። የእኛ ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች በአምባሰል ወደ ግሸን አውጥተው ያስቀመጡት ዙፋኑን እንዳይሻሙ ነበር። ፊሊጶስ ግን ልጁን ከቤተ መንግሥት ያራቀው ዙፋኑን እንዲይዝ ነው። ይህ ንጽጽር በክፍሉ ውስጥ ቢነሳ ልጆቹ ብዙ የሚሉት ይኖር ነበር፤ ለሚቀጥለው ዙር ለመምህሩ ነግሬያቸዋለሁ።

በሚዬዛ ስለ ተማረው ነገር መምህሩ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ሥነ ምግባርና የአገር አስተዳደር፣ ከዚያም በላይ በቃል ብቻ የሚተላለፍ ጠለቅ ያለ ትምህርት ተማረ። የሕክምናን ነገር ከአርስቶትል ስለወረሰ ኋላ ላይ ጓደኞቹ ሲታመሙ ምን እንደሚበሉና ምን እንደሚታከሙ ራሱ ያዝዝላቸው ነበር። አርስቶትል ያረመለትን፣ ስለ ትሮይ ጦርነትና ስለ አኪለስ የሚተርከውን የሆሜርን ግጥም ኢሊያድን “የጦር ሙያ ስንቅ” ብሎ ከጩቤው ጋር ከትራሱ ሥር ያስቀምጠው ነበር። ስንቅ የሚለው ቃል ለእኛ ልጆች ማብራሪያ አላስፈለገውም። አርስቶትል በቃል ያስተማረውን በጽሑፍ ባወጣ ጊዜ እስክንድር ከእስያ ሆኖ በቅሬታ ጻፈለት ይባላል፤ ሁሉም ሰው ካወቀው እኔ ከሌላው በምን እበልጣለሁ የሚል ነበር ቅሬታው። ይህም በቢጫ ጠመኔ ተጻፈ።

ተማሪው አስተማሪውን ያልተከተለበትም ነገር አለ፤ መምህሩ ይህን አለመደበቃቸውን አደንቃለሁ። አርስቶትል ግሪኮችን እንደ ወዳጅ፣ ሌሎችን ሕዝቦች ግን እንደ ጌታ እንዲገዛቸው መክሮት እንደነበር ይነገራል። እስክንድር ግን ፋርስን ከያዘ በኋላ የፋርስን ልብስ ለበሰ፤ ፋርሳውያንን በግዛት ላይ ሾመ። መምህሩ ለዚህ መነሻ ሊሆን የሚችለውን ወደ ልጅነቱ መልሰው ፈለጉት። አርጣባዞስ የተባለው የፋርስ ሹም በንጉሡ ላይ አምፆ ከነቤተሰቡ ወደ ፊሊጶስ ቤተ መንግሥት ሸሽቶ ለዓመታት ኖሯልና እስክንድር ፋርሳውያንን ከጦር ሜዳ በፊት በቤቱ ያውቃቸው ነበር። አባቱ በሌለበት ቀን የፋርስ መልእክተኞች ሲመጡም ተቀብሎ ያነጋገራቸው እርሱ ነው፤ የጠየቃቸውም የልጅ ነገር ሳይሆን የመንገዱን ርዝመት፣ ወደ ውስጥ አገር እንዴት እንደሚገባ፣ ንጉሡ በጦርነት ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነበር።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልመለስ። ስድስተኛው ቀን በጥድፊያ አለቀ። በ340 የ16 ዓመቱ ልጅ አባቱ ወደ ቢዛንጥዮን ሲዘምት እንደራሴ ሆኖ መቅረቱ፣ ሜዲ የተባለውን የትራቄ ሕዝብ አመፅ መደምሰሱ፣ በ338 በ18 ዓመቱ በኬሮንያ ጦርነት መዋሉ፣ በ336 ፊሊጶስ በኤጌ በገዛ ጠባቂው በጳውሳንያስ እጅ መገደሉና የ20 ዓመቱ ወጣት መንገሡ፣ ይህ ሁሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ታጭቆ ቀረበ። ፊሊጶስ ራሱ በወጣትነቱ በግሪኳ ቴብስ ከተማ መያዣ ሆኖ ሲኖር የጦር ጥበብን ከዚያ እንደተማረ፣ ልጁም በኬሮንያ የተዋጋው እነዚያኑ ቴብሳውያን እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ታለፈ። የትምህርቱ ርዕስ አስተዳደግ ከሆነ የአባትየው አስተዳደግ አንድ ሙሉ ቀን ይገባው ነበር። ስድስቱ ቅዳሜ ሰባት ቢሆኑና 100 ብር ቢጨመር ወላጅ የሚቃወም አይመስለኝም።

ስለ ኦሎምፒያስ የተባለውም አላረካኝም። ከእባብ ጋር ትተኛ ነበር የሚለው ወሬ ልጆቹን ስላሳቀ ብዙ ጊዜ ተሰጠው። ነገር ግን ልጇ በእስያ ሳለ በደብዳቤ ታማክረው የነበረች፣ ኋላም በትውልድ አገሯ በኤጲሮስ ሥልጣን የያዘች ሴት ነበረች። ከአሥራ ስምንቱ ተማሪዎች ሴቶቹ አራት ብቻ ነበሩ፤ ለእነርሱ ሲባል እንኳ ይህች ሴት ከዚህ የተሻለ ቦታ ይገባት ነበር።

የሚታደለው ጽሑፍ ደግሞ ከትምህርቱ እጅግ ያነሰ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ስለተባዛ ያ ግሩም የሦስት ቀለም አከፋፈል ጨርሶ ጠፍቶበታል፤ ተረቱም እውነቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆኖ ይነበባል። ከቃሉ ሥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መስመር ቢሰመር ያለ ተጨማሪ ወጪ ይስተካከላል። ካርታው ደብዝዞ ፔላና አቴና አይለዩበትም። ስሞቹም አልተስማሙም፤ በሁለተኛው ገጽ “አርስጣጣሊስ” የተባለው በሰባተኛው ገጽ “አሪስቶትል” ሆኗል። የእህቴ ልጅ ሁለት ሰዎች መስለውት አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ ያስተማረው እንደሆነ ጠየቀኝ። 50 ብር ለሚከፈልበት ጽሑፍ ይህ ተገቢ አይደለም።

በመጨረሻው ቀን የሆነውን ግን ሳልጽፍ አላልፍም። ሊበተኑ ሲሉ የእህቴ ልጅ እጁን አወጣ። በ335፣ በነገሠ በዓመቱ፣ እስክንድር ቴብስን አፍርሶ ሕዝቧን ለባርነት እንደሸጠ፣ የባለ ቅኔውን የፒንዳርን ቤት ብቻ እንዲተርፍ እንዳደረገ መምህሩ በአጭሩ ጠቅሰው ነበር። ልጁ “አርስቶትል ሦስት ዓመት ሥነ ምግባር ካስተማረው ይህን ለምን አደረገ?” ብሎ ጠየቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ምክር የሚሰጥበት ቦታ ነበር። መምህሩ ምክር አልሰጡም። ወደ ሁለተኛው ቅዳሜ መለሷቸው፤ ያቺ ሞግዚት ላኒኬ ክሊቶስ የሚባል ወንድም እንደነበራት፣ በ334 በግራኒቆስ ወንዝ ጦርነት የእስክንድርን ነፍስ ያተረፈው እርሱ እንደነበር፣ በ328 ደግሞ በሳማርካንድ በግብዣ ላይ በስካርና በቁጣ ራሱ እስክንድር በጦር ወግቶ እንደገደለው ነገሯቸው። ከዚያም ሰሌዳውን በሁለት ከፍለው በአንዱ ወገን “የተማረው”፣ በሌላው ወገን “ያደረገው” ብለው ጽፈው፣ ልጆቹ አንድ በአንድ እየወጡ እንዲሞሉት ጠመኔውን ሰጧቸው። የፒንዳር ቤት በየትኛው ወገን ይጻፍ በሚለው ላይ ክርክሩ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ወላጆችም ቆመን ጠበቅን። በሚኒባስ ስንወርድ ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይነዳ ነበር፤ ልጁ ግን መስኮቱን በእጁ እየጠረገ “ቤቱን ያተረፈው የአርስቶትል ትምህርት ይሆን የአባቱ መኳንንት ወግ?” እያለ ኮምቦልቻ እስክንገባ ድረስ አላረፈም።

ለመመዝገብ የሚፈልግ ወላጅ ቢያውቀው የሚጠቅመው ነገር ቢኖር ቦታው አሥራ ስምንት ብቻ መሆኑና ምዝገባው በሰኔ መጀመሪያ ሳምንት የሚያልቅ መሆኑ ነው። ከሰባተኛ ክፍል በታች ላለ ልጅ አልመክርም፤ ቀልቡን ሰብስቦ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ይከብደዋል። እኔ ለመጪው ክረምት ሁለት ቦታ እንዲይዙልኝ ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዱ ለልጁ፣ ሌላው ሰባተኛ ለምትገባው ለታናሽ እህቱ ነው።